አሮጌዋን ሃይሉክስ ግቢዬ ውስጥ እንዴት እንዳደስኳት

መኪናዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 ከተመረተው ትውልድ፣ ኤል ኤን 106 የምትባለዋ። 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር አላት። ፊቷም ኋላዋም ባሌስትራ (የተደራረበ ዝርግ ብረት) ነው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የላትም። ሥራውን የሠራሁት ሱሉልታ፣ ቤቴ ግቢ ውስጥ ነው። ለባለሙያ የሰጠሁት ፖምፓውን (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን) ከነኢንጀክተሮቹና ብየዳውን ብቻ ነው።

«ይህን ሁሉ ከምትለፋ ሌላ አትገዛም ወይ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በምን ብር? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። ስለዚህ ለብዙዎቻችን ያለው መንገድ እጃችን ላይ ያለችውን ማዳን ነው። እኔ ደግሞ ይህችን መኪና እወዳታለሁ። ዕቃዋ ይታያል፣ ይፈታል፣ ይገባኛል።

ከሁሉ በፊት የምለው አንድ ነገር አለ፤ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ፈትኑ። ኪስ የሚያራቁተው «እስቲ ይህን ቀይረን እንየው» የሚባለው አሠራር ነው። እኔ ካገኘሁት ብልሽት አብዛኛው የተለየው በአንድ አምፖልና በቁራጭ ሽቦ፣ በመዶሻ፣ በቁራጭ ቱቦ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ አሉ። ከየት ልጀምር ብዬ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ መጀመሪያ የሚያቆማትን ሥራ። የሚያስኬዳት ይደርሳል» አሉኝ። እሺ ጋሼ ብዬ ከፍሬን ጀመርኩ። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል፤ እንጦጦን ተሻግሮ ቁልቁል ነው።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት የጠጣ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። የኔዋ ዘይት ቡና መስሎ ነበር የወጣው። ፖምፔታዎቹን (በየጎማው ፍሬኑን የሚገፉትን) ፈትቼ ጎማቸውን ቀየርኩ፣ የኋላውን የፍሬን ሸራ አየሁ፣ ከዚያ ከሩቁ ጎማ ጀምሬ አየር አስወጣሁ። ፔዳል የሚረግጥልኝ የእህቴ ልጅ ነበር። እኔ ከሥር «ርገጥ! ያዝ!» እላለሁ፣ እሱ ከላይ «ይዣለሁ አጎቴ» ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያያት አንዲት ቫልቭ አለች። ከካሶኒው (ከጭነት ሳጥኑ) ሥር፣ ከኋላ ዲፈረንሻል ጋር በዘንግ ተያይዛለች። ጭነቱን እየለካች ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ትወስናለች፤ ባዶ ስትሆኑ ትቀንሳለች፣ ስትጭኑ ትጨምራለች። ጭቃና ዝገት ያደርቃታል። ከደረቀች በኋላ ድንጋይ ጭናችሁ ስትወርዱ ሥራው ሁሉ ፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል። ፈተናዋ ቀላል ነው፤ ዘንጓን ከዲፈረንሻሉ ፍቱና በእጅ ወደላይ ወደታች አንቀሳቅሷት። ካልተንቀሳቀሰች ደርቃለች። ጨርሶ አውጥቶ ቧንቧውን በቀጥታ ማገናኘት የተለመደ ነገር ነው፣ እኔ ግን አልስማማበትም። ባዶዋን በዝናብ አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዙ የኋላው ጎማ ቀድሞ ይቆልፍና ቂጧ ይዞራል።

ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ነገር መጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ አገር ከፍታ ውሃን ቶሎ ያፈላል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። የሞተሩ ተርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው) ደግሞ 82 ላይ መከፈት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 90ውን አልፎ ነው። ታዲያ ሞተሩ ለምን አይፈላም ካላችሁ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊት ካልያዘ፣ ምንም ያልተበላሸ ሞተር እንጦጦ ዳገት ላይ ይፈላል። ባለቤቱ ግን ራዲያተር ይቀይራል፣ ቀጥሎ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክፍል) ያስፈታል። ክዳን ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነው፤ ከእሱ ጀምሩ።

ተርሞስታቱን ነቅሎ መጣልም በየጋራዡ አለ። የኔዋም ተነቅሎላት ነበር። ያለ እሱ ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም፣ ናፍጣውም በደንብ አይቃጠልም፣ በሱሉልታ ብርድ ደግሞ ይብሳል። መለስኩላት። ባዶ ውሃውንም አውጥቼ ኩላንት ሞላሁ፤ ባዶ ውሃ ውስጡን ያዝጋል፣ ዝገቱ ደግሞ የራዲያተሩን ቀጫጭን መንገዶች ይደፍናል።

ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ወይ ብላችሁ ከሰጋችሁ፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱ። አረፋው ሳያቋርጥ ከመጣ፣ ወይም ክዳኑን ዘግታችሁ ስታስነሱ ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩ ላይኛው ጎማ ቱቦ ከጠጠረ፣ ጭስ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ጓርኒሲዮኑ ነው፣ ካልሆነም ቴስታታው ተሰንጥቋል። የኔዋ ንጹሕ ነበረች፤ ስለዚህ አልፈታሁትም።

የጠዋት አነሳሷ ግን ያስለቅሳል። ባትሪው ያልቃል እንጂ አትነሳም። መጀመሪያ ካንዴሊታዎቹን (ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን ከውስጥ የሚያሞቁትን) ፈተንኩ። አራቱን የሚያገናኘውን ቀጭን ብረት ፍቱ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ12 ቮልት አምፖል በኩል ሽቦ አምጡና የእያንዳንዷን ጫፍ ንኩ። ከበራ መስመሯ ደህና ነው፣ ካልበራ ሞታለች። ሁለቱ ሞተው ነበር። ስትገዙ ራሷ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ፤ ለአንዱ ሞተር የተሠራችው ለሌላው አትሆንም።

ከዚያ በኋላም ተነስታ ወዲያው መጥፋት ስላላቆመች በናፍጣ ፊልትሮውና በፖምፓው መሀል ያለውን ቱቦ በሚያሳይ ፕላስቲክ ቱቦ ቀየርኩት። አረፋ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት። አየር የሚያስገባው ከፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የእጅ መንፊያ ነበር፤ ጎማው ተሰንጥቋል። ይህን ሳያዩ ፖምፓ የሚያስፈቱ ሰዎች ስንት ገንዘብ እንደሚያወጡ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ጭሱን በተመለከተ ባጭሩ፦ ሰማያዊ ዘይት ነው፣ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የሚወጣ ነጭ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ጥቁር ደግሞ አየር ያነሰው ናፍጣ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አራተኛ ያህል ስለሚሳሳ ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ቢታይ አትደንግጡ። ከበዛ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮ አውጥታችሁ እዩ። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ነው ፖምፓውንና ኢንጀክተሮቹን አውጥቼ ለማስለካት የወሰድኩት፤ ያለ መሣሪያ በጆሮ የሚነካ ነገር አይደለም።

የታይሚንግ ቺንጋውን (ቫልቮላና ፒስተን በየተራቸው እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርገውን ቀበቶ) ግን ሳልፈትን ቀየርኩ፣ ብቸኛው እሱ ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ለእሱ ብቻ የተሠራች መብራት አለች። የቀድሞው ባለቤት መቼ እንደቀየረው ካላወቃችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ሲበጠስ ቫልቮላና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ የምታወሩት ስለ ሙሉ ሞተር ነው።

ሻንሲው (መኪናዋን የተሸከመው የብረት አጽም) ላይ መዶሻ ይዤ ገባሁ። ከኋላ ዲፈረንሻል በላይ ያለውን ጉብታና የባሌስትራ መያዣዎቹን እያንኳኳችሁ ስሙ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰ ዱብ ይላል። ጭቃ የሚጠራቀምበት ቦታ ሁሉ ይጠረጠራል። ለበያጁ አንድ ነገር አጥብቄ ነገርኩት፤ ማጠናከሪያው ላሜራ ጫፉ ቀጥ ብሎ እንዳይቆረጥ፣ ሾጠጥ ይበል። ቀጥ ያለ የብየዳ መስመር ሻንሲውን አቋርጦ ካለፈ በጭነት ጊዜ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ከብየዳ በፊት ባትሪውንም ዲናሞውንም አላቅቁ። ፊት ለፊት በቀኝ በኩል የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ደግሞ የብረት መሞረጃው ማሽን እንዳይነካው፤ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር እየተያየ ነው ቦሎ የሚሰጠው።

ዕቃ የገዛሁት በአብዛኛው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። አሮጌውን ዕቃ ሳትይዙ አትሂዱ። አንድ ባለሱቅ «ወንድሜ፣ ለሁሉም ሃይሉክስ አንድ ነው» ብሎ የፊት ጎማ ፓራውልዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግድ ጎማ) ሊሰጠኝ ነበር፤ ከያዝኩት ጋር ስናስተያየው በስፋት ይለያል። ይህ ፓራውልዮ ካላረፈ የዲፈረንሻል ዘይት ወደ ፊት ጎማው ግሪስ ይገባና ሁለቱ ተቀላቅለው እንደ ቀጭን ወጥ ይፈሳሉ። ኩሽኔታ (ቤሪንግ) እና ፓራውልዮ ላይ ኦሪጅናል እገዛለሁ። የበር መያዣ፣ መስታወትና የጋቢና ምንጣፍ ያገለገለ ይበቃል።

ቀለሙን ለመጨረሻ ተውኩት። በክረምት አልሞከርኩትም፤ እርጥበት ባለበት ቀን የተቀባ ቀለም ይነጣል፣ ይላቀቃል። ጥቅምት እስኪገባ ጠብቄ፣ ዝገቱን እስከ ብረቱ ፍቄ፣ አንቲረስት ቀብቼ፣ ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ) በስሱ ብቻ ተጠቀምኩ። የካሶኒውን ወለል በስቱኮ መሸፈን ከንቱ ነው። የበሰበሰውን ቆርጦ በላሜራ መተካት ይሻላል።

አሁን የቀረኝ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላስገባ ስቀንስ ይጮኻል። መጀመሪያ ዘይቱን አውጥቼ አየዋለሁ፤ ቢጫ የብረት ብናኝ ካለበት የማርሹ ቀለበት ተበልቷል ማለት ነው። ብናኝ ከሌለ፣ የኋላ ማርሽም ሲገባ የሚጮህ ከሆነ ግን ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው) በደንብ አይለቅም ማለት ነው፤ ያኔ ካምቢዮ ማውረድ ሳያስፈልግ ከፍሪሲዮን ፖምፔታው እጀምራለሁ።