ማልታ የምትመጡ፣ ከምንም በፊት የቤት ኪራይ ውላችሁን አስመዝግቡ

ከዱባይ ወደ ማልታ ልሄድ ነው ስል የጠየቅኳቸው ሁሉ ስለ ደሞዝና ስለ ቪዛ ብዙ አወሩኝ። ስለ ቤት ኪራይ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ከመጣሁ በኋላ ያንገላታኝ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይቸገር ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የጉዞው ሂደት እምብዛም አያስቸግርም። ሆቴሉ ቃለ መጠይቅ አድርጎ ተቀበለኝ፤ ሲንግል ፐርሚት የሚባለውን የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ያመለከተው እሱ ነው። ለሆቴልና ለምግብ ቤት ሥራ ከ2024 ጀምሮ ስኪልስ ፓስ የሚባል ፈተና ስላለ እሱን ዱባይ ሆኜ በኢንተርኔት ጨረስኩ። እንግሊዝኛ የአገሪቱ የመንግሥት ቋንቋ ስለሆነ ከመጣሁ በኋላም በቋንቋ አልተቸገርኩም።

ምሲዳ የምትባል ከተማ ውስጥ ደላላ ያሳየኝን ቤት ወደድኩት። የአንድ ወር ኪራይ፣ የአንድ ወር ማስያዣና ለደላላው የግማሽ ወር ኪራይ ከፈልኩ። አከራዩ ውሉን ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አስፈረመኝና «ምዝገባውን ለኔ ተዪው» አለኝ። ማልታ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በቤቶች ባለሥልጣን ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ ያልተመዘገበ ውል በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። ይህን ያኔ የነገረኝ አልነበረም።

የመኖሪያ ካርዴን ልጨርስ ወረቀቶቼን ይዤ ስሄድ መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። ውሉ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «የምዝገባ ማረጋገጫው የታለ?» አለችኝ። የለኝም። «እንግዲያው አድራሻ የለሽም» ብላ ሁሉንም መለሰችልኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፤ ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቃት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ዛሬም ሳስበው ያበሽቀኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምርልኝ ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ አልንከራተትም ነበር።

አከራዩ ጋ ስደውል ነገ አለ። በማግስቱም ነገ። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። እኔ ካርድ ስለሌለኝ ባንኩ ሂሳብ አይከፍትልኝም፤ አውቶቡስ ለነዋሪ ነጻ በሆነበት አገር እንደ ቱሪስት 2 ዩሮ፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ 2.50 እየከፈልኩ እመላለሳለሁ። በስንት ፍለጋ ሲገኝ ያመጣው መፍትሔ ምን መሰላችሁ? ዝቅ ያለ ኪራይ ጽፈን እናስመዝግብ፣ ቀሪውን በእጅ ስጪኝ። ለምን እንደሚሸሽ ያኔ ገባኝ። የተመዘገበ ኪራይ ግብር አለበት፤ ብዙዎቹ አከራዮች የሚመርጡት 15 በመቶውን ነው። አልፈርምም አልኩ። ነገ ማስያዣዬን ሲክደኝ በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ገንዘብ በምን አስረዳለሁ? «እንግዲያው ቤቴን ልቀቂ» አለኝ።

ያዳነኝ አብራኝ የምትሠራ ኔፓላዊት ናት። አከራዩ ካላስመዘገበ ተከራዩ ራሱ፣ ያውም በአከራዩ ወጪ፣ ማስመዝገብ እንደሚችል የነገረችኝ እሷ ናት። ሄጄ አመለከትኩ። እዚያም ሌላ እንቅፋት ገጠመኝ፤ የማልታ ቤቶች ብዙዎቹ ስም አላቸው፣ የቅዱስ ስም በሸክላ ላይ ተጽፎ በሩ ዳር ይለጠፋል። አከራዩ ውሉ ላይ የጻፈው ያንን ስም ብቻ ነበር፤ የበር ቁጥርም፣ የፎቅ ቁጥርም የለም። እሱ እስኪስተካከል ደግሞ ሌላ ምልልስ። ማረጋገጫው በእጄ ሲገባ ግን ወደዚያው መስኮት ተመልሼ ካርዴን አገኘሁ። ማንንም ሳልለምን፣ ጉቦም ሳልሰጥ በመጨረሴ እስከ ዛሬ ኩራት ይሰማኛል።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። ማስመዝገብ የአከራዩ ሥራ ነው ይሏችኋል፤ በሕጉም እውነት ነው። እናንተ ግን አትጠብቁት። ምዝገባው ዓይናችሁ እያየ ካልተላከ ማስያዣ አትክፈሉ። የበር ቁጥሩን ከውሉ ጋር አመሳክሩ። የአንድ ዓመት ውል ከሆነ ከስድስት ወር በኋላ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት ይቻላል፤ ማስጠንቀቂያውን በሪኮማንዴ ላኩ፣ በዋትሳፕ አትመኑ። የመብራቱ ቢል ላይ «ሬሲደንሻል» ይላል ወይስ «ዶሜስቲክ» የሚለውንም እዩ፤ ሁለተኛው ይበልጥ ያስከፍላል፣ በቤቱ የሚኖረውን ሰው ብዛት የሚያስተካክል ቅጽ አለ። ቤት ስታዩ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጉት። ቤቶቹ የኖራ ድንጋይ ናቸው፣ በቅዝቃዜው ወራት እርጥበት ይመጥጡና ከጀርባው ጥቁር ሻጋታ ያበቅላሉ። ለእርጥበት ማድረቂያ ማሽን የምታወጡት ገንዘብ አይቆጫችሁ።

ካርዱ ከተገኘ በኋላ ኑሮው ደስ ይላል። ከደሞዜ 10 በመቶ ለማኅበራዊ ዋስትና ይቆረጣል፤ በሱም ማተር ዴይ ሆስፒታል በነጻ እታከማለሁ። በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር መንግሥት በሕግ የደነገገው ጉርሻ ከደሞዝ ጋር ይመጣል፤ ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ በዓመት ወደ 512 ዩሮ ገደማ ነው፣ ቀጣሪያችሁ እንዳይዘላችሁ ተከታተሉ። በጾም ቢጊላ ይገኛል፤ ከደረቅ ባቄላ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራ ነው፣ እኔ ሚጥሚጣ ነስንሼበት በዳቦ እበላዋለሁ። እሑድ ጠዋት ማርሳሽሎክ ወደብ ዓሣ ገበያ አለ፤ አፍንጫቸው ላይ ዓይን የተሳለባቸው ባለ ቀለም ጀልባዎች ከፊት ለፊት ተደርድረዋል። በሙቀቱ ወራት በየመንደሩ የቅዱሱን በዓል በርችት ያከብራሉ፤ ሌሊት ለሠራና ቀን ለሚተኛ ሰው ግን ከባድ ነው፣ ቀን ላይም ይተኩሱታል።

ዕረፍት ስታገኙ ጎዞ የምትባለውን ደሴት እዩ። ከቺርኬዋ ወደብ በመርከብ 25 ደቂቃ ነው፤ ሲሄዱ አይከፈልም፣ የሚከፈለው ሲመለሱ ነው። በቅዳሜና እሑድ የመኪናው ሰልፍ ስለሚረዝም እኔ የምሄደው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ በአውቶቡስ ነው።