አዌቱን ያሰርንበት ሌሊት

ነገሩ የጀመረው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። አንዱ ባልደረባችን ስልኩን ይዞ መጣ። ቪዲዮው ላይ ሁለት መርከቦች ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ረጅም መረብ ይጎትታሉ። መረቡ ሲወጣ ገመዱ፣ ሳጥኑ፣ የላስቲክ ዕቃው ዝርግፍ ይላል። "እኛስ ከማን እናንሳለን?" አለ። አዌቱ ወንዝ የቢሯችን ጓሮ ነው። ክረምት ሲገባ የጅማን ፌስታል ተሸክሞ በአጥራችን ሥር ያልፋል።

በሳምንቱ ሥራ ጀመርን። ባዶ ጄሪካኖችን ጥብቅ አድርገን ዘጋንና በናይለን ገመድ አያያዝን። ከሥራቸው መረብ አንጠለጠልን። ከዚያ ወንዙን ቀጥ ብሎ እንዲያቋርጥ አድርገን ከዳርና ዳር ሁለት ባሕር ዛፎች ላይ አሰርነው። አለቃችን ፎቶ ተነሣ። ወንዝ ዳር ባጃጅ የሚያጥብ ልጅ ቆሞ ሲያየን ቆየና "ብራዘር፣ ውሃን ፊት ለፊት ገጥማችሁት ትችሉታላችሁ?" አለኝ። ሳቅኩበት።

ሌሊት ዘነበ። የጅማን ዝናብ ለሚያውቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መረቡ በፌስታልና በቅጠል ተደፍኖ ግድግዳ ሆነ። ውሃው ሞልቶ የጎረቤታችን የእማማ ጎመን መደብ ውስጥ ገባ። ከዚያ ገመዱ ተበጠሰ። ጠዋት እማማ ከአጥሩ ማዶ ቆመው "ምን አድርጌያችሁ ነው ልጆቼ?" ሲሉን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጄሪካኖቻችን ደግሞ ወንዙን ተከትለው ሄደዋል። ላስቲክ ልናወጣ ገብተን ላስቲክ ጨመርንበት።

ያን ቀን ማታ ስለ ቪዲዮው ሰዎች አነበብኩ። ድርጅቱን ቦያን ስላት የሚባል የሆላንድ ወጣት በ2013 አቋቋመው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2018 ከሳን ፍራንሲስኮ የወጣው 600 ሜትር ርዝመት ያለው የመጀመሪያ መሣሪያቸው ቆሻሻውን አጥምዶ ማቆየት አቃተው። ከላስቲኩ ጋር እኩል እየተንሳፈፈ፣ የገባው ተመልሶ ይወጣበት ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ጫፉም ተገንጥሎ ቀረ። በኋላ የውሃ ውስጥ ፓራሹት አስረው ፍጥነቱን ሲቀንሱት ነው መያዝ የጀመረው። ጓቴማላ አገር አንድ ወንዝ ላይ የተከሉትን አጥርም በ2022 ጎርፍ መሠረቱን ቦርቡሮታል። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተጽናናሁ።

የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። የባጃጅ አጣቢው ልጅ ግን ሳይማረው ያውቀዋል።

ካርታም አየሁ። አዌቱ ወደ ግልገል ጊቤ፣ ከዚያ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቱርካና መውጫ የለውም። የጅማ ፌስታል ውቅያኖስን አያያትም ማለት ነው። ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ፤ ዓለምን የሚያድን መስሎት ነበር መሰለኝ።

ሁለተኛውን መረብ ሰያፍ አድርገን ዘረጋነው፤ ቆሻሻው እየተንሸራተተ ባጃጅ አጣቢው ልጅ ወደሚቆምበት ዳር ይመጣል። መረቡን አሳጠርነው። የማዶውን ጫፍ ሆን ብለን በቀጭን ገመድ አሰርነው፤ ጎርፍ ከበረታ እሱ ይበጠስና ሁሉም ወደ እኛ ዳር ይጠጋል። ልጁ ጠዋት ጠዋት ይለቅማል፤ ቢሮው ይከፍለዋል።

ክዳኑ የተዘጋውን ሃይላንድ ቁራሌው ይወስደዋል። ክዳን የሌለው ውሃ ሞልቶት ይሰምጣል፤ እሱን አንይዘውም። ፌስታሉ ግን ገዢ የለውም። ስድስት ማዳበሪያ ሙሉ ጓሮ ተቆልሏል። በቀደም አለቃችን "ይሄን ደግሞ የት ልታደርሱት ነው?" ሲለን፣ ባልደረባዬ ስልኩን አወጣና ሌላ ቪዲዮ መፈለግ ጀመረ።