ድሬዳዋ ላይ የገዛሁት ሰንጢ

ድሬዳዋ የገባሁት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ስለሱ የሚወራ ነገር የለኝም። ሙቀቱ ግን ይወራል። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገ፣ ጋቢ ደርቦ ቁርሱን ለሚበላ ሰው፣ ከአውሮፕላን መውረድ ማለት የምጣድ ወላፈን ውስጥ ፊትን መክተት ነው። ከኤርፖርት ከዚራ ሰፈር ድረስ ባለ ባጃጁ 300 ብር አስከፈለኝ። ሆቴል ስነግራቸው ግማሹ ይበቃው ነበር አሉኝ። ተናደድኩ። የዚህ ጉዞ ዋናው ንዴቴ ግን እሱ አይደለም።

አባቴ ከኪሱ የማትለይ ሰንጢ ነበረችው፣ እጀታዋ ቀንድ። ገመድ ይቆርጥባታል፣ ድንች ይልጥባታል፣ የእኔን እርሳስ ይቀርጽባታል። ስትከፈት ቀጭ ትላለች፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። እንደሷ ያለች ስፈልግ ዓመታት አልፈዋል። ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ፣ አንድ ሱቅ መስታወት ስር ጥቁር ስለት ያላት፣ እጀታዋ እንጨት የሚመስል ሰንጢ ሳይ እግሬ ቆመ። ስለቷ ላይ የብረቱን ዓይነት የሚናገር 440 የሚል ቁጥር ታትሟል።

"አቦ ኦሪጅናል ናት፣ ወላሂ! ልጅህ ነው የሚወርሳት" አለኝ ሻጩ። ከ2500 ብር ጀምሮ 1800 ላይ ተስማማን። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡር ገብቶባት የተቆረቆረች፣ ለስንት ዓመት ብረት ሲጠገንባት የኖረች ከተማ ውስጥ ሰንጢ መግዛቴ ራሱ ትክክል መስሎኝ ነበር።

ሌሊቱ ክፉ ነበር። ከራስጌዬ በላይ ያለው ቬንቲሌተር እየተወዛወዘ ሲንቋቋ ቆየና መብራት ሲጠፋ እሱም ዝም አለ። ከዚያ ሙቀቱ ብቻ ቀረ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የስልኬን ባትሪ አብርቼ ሰንጢዋን ማየት ጀመርኩ። ባላየሁ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ስለቷን በሁለት ጣት ይዤ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አደረግኳት። እንደ ሕፃን ጥርስ ተነቃነቀች። ስትታጠፍ ደግሞ መሃል ላይ አትገባም። ወደ አንድ ጎን አዘንብላ የውስጡን ላሜራ ትፍቀዋለች፣ ጥቁሩ ቀለም ከወዲሁ ተልጧል። ማጠፊያዋን የያዘውን ብሎን ላጥብቅ ብል ራሱ ኮከብ ቅርጽ ነው፣ ተራ ካቻቢቴ አይገባበትም። እንጨት የመሰለኝ እጀታ ፕላስቲክ ነው።

ከሁሉም የከፋው መቆለፊያው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰንጢ ሲከፈት እጀታው ውስጥ ያለ ቀጭን ላሜራ እንደ ሞላ ወደ ጎን ይወጣና ከስለቱ ቂጥ ስር ገብቶ ይደግፈዋል። እንዳይታጠፍ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። የእኔው ላሜራ ግን ጠርዙን ብቻ ነክቶ ቆሟል። የስለቱን ጀርባ በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ሸርተት አለና ታጠፈ። ደግሜ ሞከርኩት። ደግሞ ታጠፈ።

በነጋታው ሐረር ሄድኩ። የደንገጎን ዳገት፣ ሐሮማያን፣ አወዳይን ተኝቼ አለፍኳቸው። ሐረር ስወርድ ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲለኝ የቤቴን አየር ያገኘሁ ያህል ሆነልኝ። ሸዋ በር አጠገብ ማንጎ ገዛሁና እንደ ምንም ብዬ በሰንጢዋ መቁረጥ ጀመርኩ። ፍሬው ጋ ስደርስ ጫን አልኩ። ስለቱ ተመልሶ ሌባ ጣቴ ላይ ታጠፈ።

ማንጎ ሻጯ "ውይ ልጄ!" ብላ ተነሳች። ጣቴን በውሃ አጥባ ከጨርቋ ጫፍ ቀዳ አሰረችልኝ። የማንጎውንም አልቀበልም አለች። ማንጎዋን የምትቆርጠው የእንጨት እጀታ ባላት አጭር ቢላ ነው። ከየት ገዛሽው ስላት ጀጎል ውስጥ ያለ ብረት ቀጥቃጭ ጠቆመችኝ። ወደ 368 ይጠጋሉ በሚባሉት ጠባብ መንገዶች ሁለቴ ጠፍቼ፣ ከጊዲር መጋላ ገበያ ወረድ ብሎ አገኘሁት።

ሽማግሌ ነው። "ይቅርታ አባባ፣ ይቺን ያዩልኛል?" አልኩት። "አንተ በለኝ አቦ፣ እዚህ አገር እርስዎ የለም" ብሎ ተቀበለኝ። ደብረ ብርሃን ላይ በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው አንተ ብል ጥፊ ነበር የሚጠብቀኝ። አፌ እስኪለምደው ጊዜ ወሰደብኝ።

ሰንጢዋን ከፍቶ ዘጋ፣ ጆሮው ጋ አስጠግቶ ነቀነቃት። ከዚያ ሞረድ አንስቶ የስለቷን ጀርባ አንዴ ፈገፈገው። ሞረዱ ነክሶ ያዘ፣ ብናኝ ወረደ። ቀጥሎ እሱ ራሱ ከመኪና ባሌስትራ የሠራውን ቢላ አፍ በዚያው ሞረድ ነካው። ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ ተንሸራተተ። "ይሄ እሳትና ውሃ በልኩ አግኝቷል፤ ያንተ ግን በቅጡ አልጠነከረም" አለኝ።

440 የሚለውስ? አልኩት። ሳቀ። እኔም በኋላ አነበብኩ። 440 የሚባለው ብረት ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብሎ ይከፈላል፣ ብረቱን የሚያጠነክረው የካርቦን መጠን ከኤ ወደ ሲ እየጨመረ ይሄዳል። ፊደል የሌለው 440 የትኛው እንደሆነ አይናገርም። የተባለው ብረት ቢሆን እንኳ በደንብ ካልጠነከረ ለስለት አይሆንም።

ብሎኑን በፒንሳ አጠበቀልኝና መነቃነቁ ቀነሰ። መቆለፊያውን ግን "ላሜራው አጥሯል፣ አላስረዝመውም" ብሎ መለሰልኝ። ለድካሙ ምንም አልተቀበለም። ያንን የባሌስትራ ቢላ በ400 ብር ገዛሁት።

ሰኞ ድሬ ተመልሼ ሱቁ ሄድኩ። የታሰረ ጣቴን ሲያይ ልጁ ደነገጠ። "አቦ ያንተ ብቻ ትሆናለች፣ እቀይርልሃለሁ" ብሎ ሦስት አዲስ ካርቶን ከፈተልኝ። አንድ በአንድ ከፍቼ ጀርባቸውን በአውራ ጣቴ ጫን አልኳቸው። ሦስቱም ታጠፉ። ልጁ ራሱ አራተኛውን አውጥቶ ሞከረ፣ ታጠፈ። ዝም ብሎ 1800 ብሬን ቆጥሮ ሰጠኝ፣ ካርቶኖቹንም ከመስታወቱ ስር አነሳቸው።