ደች የምችል የጅማ ልጅ

ለማስተርስ ቤልጅየም፣ ሉቨን የገባሁ ሰሞን መምህራችን «የዓለም ዜጋ ነኝ የሚል እጁን ያውጣ» አለን። ክፍሉ በሙሉ አወጣ። እኔም አወጣሁ፤ ታዲያ ብቻዬን ልቅር? በዚያው ሳምንት ልጆቹ «ቅዳሜ ለንደን እንሂድ» ተባባሉ። ከብራስልስ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ፓሪስና አምስተርዳም ያደርሳል፤ ለንደን ግን ሌላ ቪዛ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ቀጠሮ። «ፈተና አለብኝ» ብዬ ቀረሁ። (አልነበረብኝም።)

እሱስ ይረሳል። ያልረሳሁት አንድ የፍላማንድ (ደች የሚናገሩት ቤልጅየማውያን) ተወላጅ የክፍሌ ልጅ ያጫወተኝን ነው። ዩኒቨርሲቲው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1425 የተመሠረተ ነው፤ በዚያው አቆጣጠር በ1960ዎቹ በቋንቋ ተጣሉበት። ደች ተናጋሪዎቹ «በከተማችን በቋንቋችን እንማር» ብለው ተነሡ፣ በ1968 በዚሁ ጣጣ መንግሥት ወደቀ። ለፈረንሳይኛው ክፍል ሉቨን ላ ኔቭ የምትባል አዲስ ከተማ ተሠራችለት። የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት ሳይቀር ጎዶሎ ቁጥርና ሙሉ ቁጥር እያሉ ተካፈሉ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ስቄ ሳልጨርስ «አንቺ ያደግሽበት ከተማ ምን ይናገራሉ?» አለኝ።

«ኦሮምኛም አማርኛም።»

«ሁለቱንም ትችያለሽ?»

ዝም አልኩ። ጅማ ተወልጄ፣ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ አድጌ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ! ለመስክ ሥራ ሰቃ ጨቆርሳ ስንወጣ፣ ከቤታችን በሚኒባስ የሚደረስ አገር፣ እናቶችን የማነጋግረው በጓደኛዬ አስተርጓሚነት ነበር። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ጎረቤታችን እማማ ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ትሪ አብልተው ያሳደጉኝ ናቸው፤ ለእኔ ብለው አማርኛ ይሞክራሉ። እኔ ምስጋና ቢስ ደግሞ ወንድሜን «መጣሽ» ሲሉት ስቄባቸው አውቃለሁ። ደችን ግን በአንድ ዓመት ለሰርተፍኬት አጠናሁ።

በዚያው እሁድ ስልክ ደወልኩላቸው። ልምምዴን ጨርሼ ነበርና በድፍረት «አከም ጅርታ?» (እንዴት ነሽ?) አልኩ።

ጸጥ አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ልጄ፣ እኩያሽ ነኝ እንዴ? ጅርቱ በይ እንጂ!»

አሁን እሁድ እሁድ ያስተምሩኛል። ረከቦታቸውን ስልኩ ፊት አቅርበው ይጀምራሉ፣ በረካው ሲጠጣ እንዘጋለን። ስሳሳት ልጆቻቸውን ጠርተው «ኑ፣ ስሟት» ይላሉ።