የቤታችንን የውጭ ቀለም እንዴት መረጥኩ

የቀለም ካታሎግ ከመግለጤ በፊት ደጅ ወጥቼ የማይቀየረውን ነገር አየሁ። ጣሪያችን ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። የመስኮቶቹ ፍሬም ነጭ ነው። ከግድግዳው ግርጌ ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላ ድንጋይ አለ። እነዚህን ለመቀየር ሐሳቡም ገንዘቡም አልነበረኝም፤ ስለዚህ ቀለሙ ነው ከእነሱ ጋር መስማማት ያለበት። ይህን መወሰኔ ብቻ የካታሎጉን ግማሽ ዘጋልኝ። ወደ ሰማያዊ የሚያደሉ ግራጫዎች፣ ምንም ቢያምሩ፣ ድንጋዩ አጠገብ ሲቀመጡ ድንጋዩን ያቆሸሹት ይመስላሉ።

የናሙና ካርድ ያታልላል። ትንሽ ነው፣ የምናየውም በመብራት ሥር ነው። ፀሐይ ላይ፣ ሰፊ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ያው ቀለም በጣም ይነጣል። ካርዱ ላይ ልከኛ የሚመስል ክሬም ደጅ ሲወጣ ነጭ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ከወደድኩት አንድ ደረጃ ጠቆር፣ ትንሽም ደብዘዝ ያለውን ወሰድኩ። ደማቅ ቀለም ደግሞ ግድግዳ ሙሉ ሲሆን ይጮሃል።

ካርዱ ጀርባ ላይ ኤልአርቪ የሚባል ቁጥር ካለ አይታለፍ። ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ይናገራል፤ 0 ፍጹም ጥቁር፣ 100 ፍጹም ነጭ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ግድግዳው ሙቀት ይጠጣል። ለልስን ግድግዳ ይህ ያን ያህል አያሳስብም። የኛ የጓሮ ክፍል ግን ቫይኒል በሚባል ፕላስቲክ ነው የተሸፈነችው፤ ቫይኒል ደግሞ በጠቆረ ቀለም ከተቀባ ፀሐይ ላይ ግሎ ሊጣመም ይችላል። እሷን ከነበራት ቀለም የማይጠቁር መርጬላት ተገላገልኩ።

ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ። ሰፋፊ የኮምፔንሳቶ ቁራጮች ላይ የመጨረሻ ዕጩዎቹን ሁለት ሁለት እጅ ቀባሁ። ግድግዳው ላይ በቀጥታ ያልቀባሁት አሮጌው ቀለም ከጎኑ ሆኖ ዓይን ስለሚያሳስት ነው። ቁራጩ መቆም አለበት፤ መሬት ላይ ከተኛ ከሰማዩ ብዙ ብርሃን ስለሚቀበል ከእውነቱ ነጣ ብሎ ይታያል። በየግድግዳው እያዞርኩ ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ማታ አየሁት። በጣም የወደድኩት ግራጫ ቀን ላይ እንከን አልነበረውም። ፀሐይ ስትገባ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይሄ እኮ ሮዝ ነው!» አለችኝ። እውነትም ሮዝ ነበር። ከምርጫው ወጣ። ያሸነፈው፣ መጀመሪያ ልብ ያላልነው፣ አፈር አፈር የሚል ቀለም ነው።

እሱን በመምረጣችን ሌላም ነገር አተረፍን። እንደ አፈር ያሉ ቀለሞች ብዙውን ጊዜ ከብረት ኦክሳይድ ስለሚሠሩ ፀሐይን ይችላሉ። ብዙዎቹ ደማቅ ቀይና ቢጫዎች ግን ቶሎ ይለቃሉ። ቀይ ነፍሴ ስለሆነ በሩን ቀይ አደረግኩት። በር ቢለቅ እንደገና መቀባት ቀላል ነው፤ ግድግዳ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ለግድግዳው ማት፣ ማለትም የማያንጸባርቅ፣ ለበሩ አንጸባራቂ አልኩ። አንጸባራቂ ቀለም የልስኑን ጉድፍ ሁሉ ያጋልጣል፤ ማት ግን ይሸፍናል። በነገራችን ላይ፣ አዲስ ልስን ከሆነ በደንብ እስኪደርቅ መታገስ ነው፤ አለዚያ ቀለሙ ይላጣል ወይም ያዥጎረጉራል።

ቀቢው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባልዲዎቹን በትልቅ ዕቃ እንዲያደባልቃቸው ጠየቅኩት። በተለያየ ጊዜ የተበጠበጠ ቀለም ቁጥሩ አንድ ሆኖም ትንሽ ሊለያይ ይችላል፤ ልዩነቱ ግድግዳ መሃል ላይ ካረፈ አይደበቅም። የቀለሙን ቁጥር ጽፌ፣ የተረፈውን በደንብ ከድኜ አስቀምጫለሁ። ሲጫር ያቺን ቦታ ብቻ መነካካት ግን አይሠራም፤ የቀረው ፀሐይ ስለመታው ጠጋኙ ያስታውቃል። ከጥግ እስከ ጥግ ያንን ግድግዳ በሙሉ መቀባት ነው።