ሃሚንግበርድ በጠዋት ፀሐይ

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ ናይት ሺፍት ስለሆነ ሰፈሩ ወደ ሥራ ሲወጣ እኔ ቤቴ እገባለሁ። ሰመር ሲሆን ግን ቶሎ አልተኛም። ካሜራዬን ይዤ ከቤቱ ጀርባ ዴኩ (የእንጨት በረንዳው) ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ሃሚንግበርድ እጠብቃለሁ። ከሌሊቱ ሥራ በኋላ ጭንቅላቴ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ለማታውቋት፣ ሦስት ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ ናት። በአሜሪካ አህጉሮች እንጂ ሌላ ቦታ የለችም። ወደኛ የሚመጣው ዝርያ ወንዱ ጉሮሮው ቀይ ነው። ዊንተሩን ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ያሳልፉና ኤፕሪል ላይ ይደርሳሉ። ብዙዎቹ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ያለ እረፍት ነው የሚሻገሩት። ይህን ካወቅሁ በኋላ ዴኬ ላይ ሳያት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ክንፏን በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ታርገበግባለች። ስለዚህ ብዙ ሰው ያለ ፍላሽ አይሆንም ይላል። ብዙ ፍላሽ ደርድረው ክንፏን ቀጥ የሚያደርጉ አሉ። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ ለእኔ ግን ሕይወት ያንሰዋል። ዓይኗ ከጠራ፣ የክንፏ ጫፍ ትንሽ ቢደበዝዝ ደስ ይለኛል። እየበረረች መሆኗ የሚታየው በዚያ ነው።

የጠዋት ፀሐይ ይበቃል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ፀሐይዋን ከጀርባዬ አደርጋለሁ። የወንዱ ጉሮሮ የሚቀላው ላባው ብርሃኑን ወደ እኛ ሲመልስ ብቻ ነው። ከጎን ሲታይ ጥቁር ነው። አንገቱን ትንሽ ዞር ሲያደርግ ግን ፍም ይሆናል! ያቺን ቅጽበት ነው የምጠብቃት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ከአናት ስለሚወርድ ፊቷን ጥላ ይሸፍነዋል፤ ያኔ እተኛለሁ።

ሌንሴ 400 ሚሊሜትር ነው። የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት 1/2500 ሰከንድ ላይ አደርጋለሁ፤ ብርሃኑ ሲጨምር 1/4000። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ ለማድረግ አልፈራም። ስኳር ውሃው ያለበትን ፊደር (ወፏ የምትመገብበትን ዕቃ) ራሱን ፎቶ አላነሳም። ወንዱ አጠገቡ ያለች ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሌላ ሲመጣ ያባርርና እዚያችው ላይ ይመለሳል። ፎከሴን እዚያ አድርጌ እጠብቃለሁ። ከኋላ ያለው የጎረቤት ዛፍ ጥላ ውስጥ ስለሆነ ወፉ ብቻውን ይደምቃል።

ስኳር ውሃው አንድ ኩባያ ስኳር በአራት ኩባያ ውሃ ነው። ቀይ ቀለም አይጨመርበትም። ማርም አይሆንም፤ ፈንገስ ያመጣባታል። በሙቀት ጊዜ በየሁለት ቀኑ ታጥቦ ይቀየራል።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሳለች፣ «ምነው ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመህ አድረህ አትተኛም እንዴ?» አለችኝ። አጠገቤ ቁጭ አለች። ወፏ ስትመጣ፣ «ይቺማ የኛ ግቢ ወፍ ናት!» አለች። እሷ ያለቻት በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራችው፣ የደጋ አበባ የምትቀስመው ወፍ ናት። ሁለቱ የቅርብ ዝምድና የላቸውም። የአበባ ወለላ እየቀሰሙ መኖር ነው ያመሳሰላቸው። የኛዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ይዛ ነው የምትቀስመው፤ ይቺኛዋ አየር ላይ ቆማ። ይህን ስነግራት እናቴ፣ «እንግዲያ ሁለቱንም አንሣልኛ» አለች። ቀጣዩ አገር ቤት ጉዞዬ ሌንሱን ይዞ ነው።

አሁን ኦገስት ነው። ወንዶቹ ቀድመው መሄድ ጀምረዋል። ሴቶቹና የዘንድሮ ጫጩቶች ግን እንቁጣጣሽ ሲከበርም እዚሁ ናቸው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ፊደራችሁን ቶሎ አታውርዱ። ከሰሜን የሚመጡ መንገደኞች አሉ፤ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ድረስ ያልፋሉ።