«እማማ፣ ዓይንሽ ውስጥ ፏፏቴ አለ»

ከጎንደር የሚመጣው ጥያቄ ሰሞኑን አንድ ዓይነት ሆኗል። የእናቱን የአሜሪካ ቪዛ የጨረሰ ልጅ የሐኪም ወረቀቷን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክና «ካታራክት ይላል፤ መዝገበ ቃላት ሳይ ግን ፏፏቴ ነው፤ ምን ማለታቸው ነው?» ይላል። ጓደኛው ከሥር «ናያግራ ፏፏቴን ሊያሳዩዋት ነው» ብሎ ይስቃል። ወረቀቱ የሚለው ግን እኛ የዓይን ሞራ የምንለውን በሽታ ነው።

ሳቁ እዚህ አሜሪካ፣ ክሊኒክ ውስጥ የለም። እዚህ የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅ በሐኪሙና በአያቱ መሃል ይቀመጣል። ሐኪሙ ይናገራል፣ ልጁ ስልኩን ያያል፣ ከዚያ «እማማ፣ ዓይንሽ ውስጥ ፏፏቴ አለ» ይላል። እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «እኔ መች አለቀስሁ?» ይላሉ። ሐኪሙ ምን እንዳሉ ይጠይቃል፤ ልጁ «አታለቅስም» ብሎ ያስተረጉማል፤ መዝገቡ ላይ «ዓይናቸው አያነባም» ተብሎ ይሰፍራል። የሰፈር ጠብ ሲያስታርቁ የኖሩ ሴት፣ አገር ሙሉ «አንቱ» ያላቸው፣ እንደ ደንቆሮ ጮክ ተብሎ ይነገራቸዋል። ከዚያም የፈቃድ ወረቀት ላይ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ይባላሉ።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ካታራክት እውነትም ፏፏቴ ነው። ከግሪክ የመጣ ነው፤ ወደ ታች ተወርውሮ የሚወርድ ማለት ነው። ግሪኮቹ ከገደል የሚወድቀውንም ውኃ፣ ከግንብ በር ላይ ወደ ታች የሚለቀቀውንም ፍርግርግ በዚሁ ጠሩት። በግሪኩ ኦሪት የጥፋት ውኃ ሲመጣ የተከፈቱት የሰማይ ካታራክቶች ናቸው። ግእዙ «አስራበ ሰማይ» አለው፤ በአማርኛው «መስኮቶች» ሆኑ። ዳዊት የደገመ ሰው አስራብን ከመዝሙር 41 ያውቀዋል። ፈረንጆች ከአስዋን እስከ ካርቱም ዓባይ የሚንደረደርባቸውን ስድስት ቦታዎችም ካታራክት ይሏቸዋል፤ ቁመት የላቸውም፣ ድንጋይ ላይ የሚተራመስ ውኃ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ገብቶ ቁስቋም ላይ የእቴጌ ምንትዋብን ቤተሰብ ከፈንጣጣ ሲያክም ከርሟል፤ ከዚያ ጢስ ዓባይን አይቶ የጻፈውም ካታራክት ብሎ ነው። ሌላው የፏፏቴ ስም ካስኬድ ደግሞ የጣልያን ነው፣ «ወደቀ» ከሚለው ግስ የወጣ። እሱን ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፦ ዕቅድ ከዞን ወደ ወረዳ ካስኬድ ይደረጋል፣ ወረዳ ላይ ወድቆ ይቀራል።

የእኛው ፏፏቴ ቃሉ ራሱ ድምፅ ነው፤ ፏ ብሎ ወረደ። ከተሜው ወስዶ «ፏ ብላ መጣች» ብሎ አምራ ለለበሰች አደረገው፤ ግድ የለም። ለዓባይ ግን አባቶች ድምፁን ትተው የሚታየውን ያዙ፦ ጢስ እሳት፣ ጢስ ዓባይ። ጢስ ዓባይ 45 ሜትር ገደማ ነው፤ የናያግራ ትልቁ ክንድ 57 ሜትር ገደማ። የሰሜን ተራሮች ጅንባር 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ እሱን ግን የሚጠይቅ የለም። «አገራችሁ ውኃ አለ ወይ?» የሚል ፈረንጅ ሲገጥማችሁ ይህን ንገሩት። «ጢስ ዓባይን ለመብራት ብላችሁ አደረቃችሁት» ካለ ደግሞ የአሜሪካንና የካናዳን የ1950 ውል ጥቀሱለት፦ ናያግራ በጉብኝት ወቅት ቀን ቀን በሰከንድ ቢያንስ 2,800 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይለቀቅለታል፤ ሌሊትና በብርዱ ወራት ግማሹ ለመብራት መሄድ ይችላል።

ታዲያ ውኃው ዓይን ውስጥ እንዴት ገባ? የዐረብ ሐኪሞች በሽታውን «የውኃ መውረድ» ይሉት ነበር፤ ከራስ የሚወርድ ፈሳሽ ብሌኑ ላይ ረግቶ የሚጋርድ ይመስላቸው ነበርና። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ቆስጠንጢኖስ አፍሪካዊ የዐረብኛ የሕክምና መጻሕፍትን ወደ ላቲን ሲመልስ ካታራክታ አለው። ስሙ በዚያው ቀረ፤ ሐሳቡ ግን ስሕተት ነበር። በ1705 ፈረንሳዊው ሚሼል ብሪሶ ሬሳ መርምሮ የሚደፈርሰው የዓይኑ ሌንስ ራሱ መሆኑን አሳየ።

እኛ ሞራ እንለዋለን። ሞራም ያሳስታል፤ ላይ ላይ የተነጠፈ ስብ ስለሚመስል «ይገፈፍላት» ይባላል። የሚገፈፍ ነገር የለም። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በሰው ሠራሽ ይተካል፤ ይህን በ1949 ለንደን ላይ የጀመረው ሃሮልድ ሪድሊ ነው። ዛሬ እዚህ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ተቀድዶ ሌንሱ በድምፅ ሞገድ ይፈጫል፣ ይመጠጣል፣ የታጠፈ ሌንስ ይገባል። አገር ቤት በብዛት የሚሠራው ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ተከፍቶ ሌንሱ በሙሉ የሚወጣበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስፌት አይፈልግም፣ ውጤቱም ጥሩ ነው። «ገና አልበሰለም፣ ይብሰል» የሚለው ምክር ግን ይቅር። የጠነከረ ሞራ ለማውጣት ይበልጥ ያስቸግራል።

ቀጠሮ ስትይዙ «ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ» አትበሉ፤ የማትሰሙት ቋንቋ ሊመጣላችሁ ይችላል። «አማርኛ» በሉ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የአሜሪካ ክሊኒክ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሕፃን ልጅ ማስተርጎም የለበትም። ሞራን፣ ግላኮማን (የዓይን ነርቭ የሚጎዳበትን በሽታ) እና ትራኮማን (የዓይን ቆብ የሚያቆስለውን ተላላፊ በሽታ) ለዩ። በሞራ የጠፋ ብርሃን ይመለሳል፣ በግላኮማ የጠፋ አይመለስም፤ «ሁለቱም ዓይን ነው» ብሎ የሚያልፍ አስተርጓሚ እዚህ ላይ ያጠፋችኋል። አባት ለፕሮስቴት እጢ ታምሱሎሲን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድሞ ይነገር፤ የብሌኑ ዙሪያ እየተልፈሰፈሰ ቀዶ ሐኪሙን ያስቸግረዋል፣ መድኃኒቱን ማቆምም ችግሩን አያስቀርም። ሌንሱ ለሩቅ ነው ወይስ ለቅርብ? ለሩቅ ከሆነ ዳዊት ለመድገም መነጽር መፈለጉ አይቀርም። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ሰው «አልሠሩልኝም» ብሎ ያለቅሳል።

ከዚያ በኋላ ጠብታው ሦስት አራት ሳምንት ነው፤ ሁለት ዓይነት ከሆነ በመካከላቸው አምስት ደቂቃ ይቆያል። ዓይን አይታሽም፣ ማታ መከለያ ይደረጋል። ትልቁ ጠብ ጠበል ላይ ነው። መጠጣት ይቻላል፤ ዓይን ላይ መርጨት ወይም ከላይ በሚወርድ ውኃ መጠመቅ ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ፣ ቁስሉ ባልገጠመበት ውኃ ጀርም ያስገባል። ሕመም ከበረታ፣ ዓይን ከቀላ፣ ማየት ከቀነሰ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ፤ ለነገ አይባልም። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ደብዘዝ ሲል «ሞራው ተመለሰ» ይባላል። አልተመለሰም፤ ሌንሱ የተቀመጠበት ስስ ከረጢት ደፍርሶ ነው፣ በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል።

አሁን «ቪዛዋ ተመታ» ብላችሁ ለምትጨፍሩት። በልጅ ጥሪ ግሪን ካርድ ይዘው የመጡ እናት 65 ቢሞላቸውም ሜዲኬርን (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስን) በክፍያ ለመግዛት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት መኖር አለባቸው። ሌላ ኢንሹራንስ መግዛት ይቻላል፣ ወርኃዊ ክፍያውና ከኪስ የሚወጣው ግን ልጅን ሁለተኛ ሥራ ያስገባል። «አሜሪካ ሄዳ ትታከማለች» ብላችሁ ሞራዋን አታቆዩት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው፤ እዚያው ትሠራ፣ ጠብታዋን ትጨርስ፣ የመጨረሻ ምርመራዋን ታድርግ፣ ከዚያ ትኬት ይቆረጥ። የገባላትን ሌንስ ዓይነትና ቁጥር የያዘውን ወረቀት ከፓስፖርቷ ጋር በእጅ ቦርሳ ያዙላት፤ በሻንጣ አይላክ።